ለእንስሳት ሕክምና ጆርናል ጽሑፍ ስታዘጋጁ፦ ማጣቀሻ እንዴት ይሠራል?

አንድ ሰው ረቂቁን እንዳይለት ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምከፍተው የመጨረሻውን ገጽ ነው፤ የማጣቀሻ ዝርዝሩን። አንዱ የጆርናል ስም በሙሉ ተጽፎ ሌላው ካጠረ፣ አንዱ ዲኦአይ (የጽሑፉ መለያ ቁጥር) ኖሮት ሌላው ከሌለው፣ የባክቴሪያው ስም አንድ ቦታ በኢታሊክ (በዘመመ ፊደል) ሌላ ቦታ በተራ ፊደል ከተጻፈ፣ ሥራው በጥድፊያ እንዳለቀ ይገባኛል። አርታኢውም ገምጋሚውም ይገባቸዋል።

የማጣቀሻ ዋና ሥራው አንባቢውን ምንጩ ድረስ ማድረስ ነው። ነጥቡና ኮማው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። በእኛ ሙያ ነገሩ ከበድ ይላል። የጻፍነውን አንብቦ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም አለ። መድኃኒቱን የሚወስደው እንስሳ ደግሞ "ይሄ አልተስማማኝም" ብሎ አይናገርም። ስለዚህ እባካችሁ ይህን ሥራ ለመጨረሻው ሌሊት አታቆዩት።

መጀመሪያ የጆርናሉን መመሪያ አንብቡ

ለየትኛው ጆርናል እንደምትልኩ ሳትወስኑ ማጣቀሻ ማሳመር ከንቱ ድካም ነው። ከወሰናችሁ በኋላ ድረ ገጹ ላይ ለደራሲዎች የተዘጋጀውን መመሪያ ክፈቱና የማጣቀሻውን ክፍል ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የምትፈልጉት መልስ ይህ ነው፦ ጽሑፉ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው ወይስ የደራሲ ስምና ዓመት? ስንት ደራሲ ከተዘረዘረ በኋላ ነው "ኢት አል" (እና ሌሎች) የሚባለው? የጆርናል ስም ያጥራል ወይስ በሙሉ ይጻፋል? ዲኦአይ ግዴታ ነው? የማጣቀሻ ብዛት ገደብ አለው? ይቺን የመጨረሻዋን አትለፏት። ለኬዝ ሪፖርት (የአንድ ሕመም ታሪክ ለሚያቀርብ ጽሑፍ) እና ለአጫጭር ጽሑፎች ገደቡ ብዙ ጊዜ ጠበቅ ይላል።

የምታገኙት ስልት ከሁለት ወገን አንዱ ነው። ቁጥር የሚጠቀመው ቫንኩቨር ይባላል። ስያሜው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ካናዳ ቫንኩቨር ላይ ተሰብስበው ወጥ የሆነ መመሪያ ስላዘጋጁ ነው። ምንጮቹ በጽሑፉ ውስጥ በተጠቀሱበት ቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ስምና ዓመት የሚጠቀመው ሲሆን ሃርቫርድ ይባላል። አጀማመሩ የሚያያዘው ከእንስሳት ተመራማሪው ከኤድዋርድ ሎረንስ ማርክ ጋር ነው። ማርክ እ.ኤ.አ. በ1881 ዛጎል ስለሌለው ቀንድ አውጣ ባሳተመው ጥናት ላይ ነው በዚህ መንገድ የጠቀሰው። የሙያችን ጎረቤት መሆኑ ደስ ይለኛል።

በአንድ ሙያ ውስጥም ጆርናሎቹ ለየቅል ናቸው። ቢኤምሲ ቬተሪነሪ ሪሰርች በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ቁጥር ያስቀምጣል። ፕሪቬንቲቭ ቬተሪነሪ ሜዲሲን ስምና ዓመት ይጽፋል። ብዙዎቹ የኤልሴቪየር ጆርናሎች ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትልኩ ወጥ እስከሆነ ድረስ የትኛውንም ስልት ይቀበላሉ። ይህ ግን "እንዳሻችሁ ጻፉ" ማለት አይደለም። አንዱን መርጣችሁ ከላይ እስከታች በእሱ ሂዱ ማለት ነው።

መመሪያው ይቀየራል፤ አንዳንዴም ድረ ገጹ ላይ ያለው ያረጀ ይሆናል። ስለዚህ ከዚያው ጆርናል በቅርቡ የታተሙ ሁለት ጽሑፎች አውርዱና የማጣቀሻ ዝርዝራቸውን ከመመሪያው ጋር አስተያዩ። መመሪያውና የታተመው ሲለያዩ እኔ የታተመውን አምናለሁ።

በእጅ አትጻፉ

ዞቴሮን አውርዱ። ማጣቀሻ የሚያደራጅ ሶፍትዌር ነው፤ ነፃ ነው። ሜንደሌይም ኤንድኖትም ይሠራሉ፤ የለመዳችሁት ካለ በእሱ ቀጥሉ። እስካሁን በእጃችሁ እየጻፋችሁ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ተዉት። ገምጋሚው መግቢያው ላይ አንዲት ምንጭ ጨምሩ ቢላችሁ፣ ከእሷ በኋላ ያለውን ቁጥር ሁሉ መቀየር ሊኖርባችሁ ነው። እዚያ ላይ አንዷ ከተሳተች የቀረው ሁሉ ይሳሳታል።

ዞቴሮ ውስጥ ዲኦአይውን ስታስገቡለት የደራሲዎቹን ስም፣ ርዕሱን፣ ጆርናሉን፣ ቅጹን ራሱ ያመጣል። ዲኦአይ በ10 እና በነጥብ የሚጀምረው የጽሑፉ መለያ ነው። ዛሬ በአብዛኛው የሚጻፈው በሙሉ ሊንክ መልክ ነው፤ ከመጨረሻው ላይ ነጥብ እንዳትጨምሩ፣ ሊንኩ ሊሰበር ይችላል። ከዚያ ወርድ ወይም ጎግል ዶክስ ላይ ፕላግኢኑን ተጠቅማችሁ ምንጩን በቦታው ታስገባላችሁ። የዞቴሮ ማከማቻ ከ10,000 በላይ ስታይሎች አሉት፤ የጆርናላችሁን ስም ፈልጋችሁ ትጭናላችሁ። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው።

ሶፍትዌሩ ያመጣውን አትመኑ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። "ሶፍትዌሩ ሠርቶታል" ብሎ ያልፋል። ሶፍትዌሩ ግን የተሰጠውን ነው የሚያስተካክለው። የገባው መረጃ የተበላሸ ከሆነ ብልሽቱን ራሱ አሳምሮ ያወጣላችኋል። ስለዚህ አንድ ምንጭ ባስገባችሁ ቁጥር ሁለት ደቂቃ ስጡትና ከፒዲኤፉ የመጀመሪያ ገጽ ጋር አስተያዩት።

በድርጅት ስም እንጀምር። የዓለም ጤና ድርጅትን እንደ ደራሲ ስታስገቡ ሶፍትዌሩ ሰው ይመስለዋል። በእንግሊዝኛው የመጨረሻው ቃል "ኦርጋናይዜሽን" ስለሆነ እሱን የቤተሰብ ስም ያደርግና የቀረውን ያሳጥራል። ዝርዝራችሁ ላይ "ኦርጋናይዜሽን ደብሊው ኤች" የሚባል ደራሲ ይወጣል። አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም አዘጋጆች (በእንግሊዝኛ "አር ኮር ቲም") ደግሞ "ቲም አር ሲ" ይሆናሉ። የታተሙ ጽሑፎች ላይ ሳይቀር አይቼዋለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይም አንድ እንዲህ ያለ አምልጦኝ ታትሟል፤ ዛሬም ሳየው ይቆጨኛል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዞቴሮ ውስጥ ከደራሲው ስም ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጫኑ። ሁለት የነበረው ሳጥን አንድ ይሆናል። ሙሉ ስሙን እዚያ ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ አይቆራርጠውም።

የሰው ስምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። የሁሉም ሰው የቤተሰብ ስምም መጨረሻ ላይ አይመጣም። አንዳንዱ ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ አንዳንዱ ከስሙ በፊት "ቫን ደር" ወይም "ደ ላ" የሚል አለው። የትኛው ሙሉ ይጻፍ፣ የትኛው ያጥር የሚለውን ከግምት አትነሡ። ሰውየው ራሱ ሌሎች ሥራዎቹ ላይ እንዴት እንደጻፈው፣ የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ በሆነው ፐብሜድ ላይም እንዴት እንደተመዘገበ እዩ። ያ ደራሲ ሥራውን ሲፈልግ በስሙ እንዲያገኘው ማድረግ የእኛ ግዴታ ነው።

ቀጥሎ ርዕሱ። አብዛኞቹ ጆርናሎች የጽሑፉ ርዕስ የመጀመሪያ ቃል ብቻ በትልቅ ፊደል እንዲጀምር ይፈልጋሉ። ከአንዳንድ ድረ ገጽ የሚመጣው መረጃ ግን እያንዳንዱን ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምራል። አንዳንዱ እንዲያውም ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደላት ነው። ዞቴሮ ርዕሱን ወደ ትንሽ ፊደል የሚመልስ ትእዛዝ አለው። ከመለሰው በኋላ ግን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ትልቅ ሆኖ መቅረት የነበረበትንም አብሮ ሊያሳንሰው ይችላል። ኒውካስል የከተማ ስም ስለሆነ ትልቅ ፊደሉ ይቆያል፤ ቀጥሎ ያለው "ዲዚዝ" ግን ትንሽ ነው። ሪፍት ቫሊ ፊቨር ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ትልቅ፣ ሦስተኛው ትንሽ ነው። ሆልስታይን ትልቅ ነው። ራቢስ ትንሽ ነው።

የሳይንሳዊ ስም ነገር ደግሞ የእኛ ዋና ጉዳይ ነው። ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ በማጣቀሻ ዝርዝሩም ውስጥ በኢታሊክ መጻፍ አለበት፤ የመጀመሪያው ቃል በትልቅ ፊደል፣ ሁለተኛው በትንሽ። ከድረ ገጽ ሲመጣ ኢታሊኩ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ዞቴሮ ላይ ከስሙ በፊትና በኋላ የኤችቲኤምኤሉን የኢታሊክ ምልክት ብትጨምሩ ወርድ ላይ በትክክል ዘሞ ይወጣል። አንዴ ካስተካከላችሁት ለሁልጊዜም ነው፤ ዝርዝሩ በታደሰ ቁጥር አይጠፋም። ወርዱ ላይ በእጅ ያዘመማችሁት ግን በሚቀጥለው እድሳት ይሰረዛል።

ሳልሞኔላ ላይ ቆም በሉ። ሳልሞኔላ ታይፊሙሪየም ስትሉ "ሳልሞኔላ" ይዘማል፤ "ታይፊሙሪየም" ግን የሴሮቫር (በዝርያው ውስጥ ያለ ንዑስ ዓይነት) ስም ስለሆነ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ አይዘምም። የቫይረስ የተለምዶ ስምም አይዘምም፤ ለምሳሌ የአፍና እግር በሽታ ቫይረስ። ገምጋሚያችሁ የማይክሮባዮሎጂ ሰው ከሆነ ይህን ሳያይ አያልፍም።

የጆርናል ስም ማሳጠር የራሱ ሕግ አለው። በግምት አይቆረጥም። አይኤስኦ 4 የሚባል ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ካታሎግም የየጆርናሉን አጭር ስም ያሳያል። ፕሪቬንቲቭ ቬተሪነሪ ሜዲሲን "ፕሪቭ ቬት ሜድ" ይሆናል። አንዳንድ ጆርናል ከየቃሉ በኋላ ነጥብ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ አይፈልግም። ስሙ አንድ ቃል ብቻ የሆነ ጆርናል ደግሞ አያጥርም። ቴሪዮጀኖሎጂ ምን ቢረዝም ቴሪዮጀኖሎጂ ነው።

በቫንኩቨር የአንድ ጽሑፍ ማጣቀሻ ቅርጹ ይህን ይመስላል፦

1. የቤተሰብ ስም ምኅጻር, የቤተሰብ ስም ምኅጻር. የጽሑፉ ርዕስ. የጆርናሉ አጭር ስም. ዓመት;ቅጽ(ቁጥር):ገጽ–ገጽ.

ከዓመቱ በኋላ ሴሚኮለን፣ ከገጹ በፊት ኮለን መሆኑን ልብ በሉ። ገጹ ላይም አንድ ወጥመድ አለ። በኢንተርኔት ብቻ የሚወጡ ብዙ ጆርናሎች የገጽ ተራ የላቸውም፤ የጽሑፍ ቁጥር ነው ያላቸው። ፒዲኤፉ ከ1 እስከ 9 ስለሚል "1–9" ብላችሁ አትጻፉ። ቁጥሩ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ፣ ፈልጉት። ዓመቱም እንዲሁ ነው። ኅዳር ላይ በኢንተርኔት ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ቅጽ ውስጥ የገባ ጽሑፍ ከሆነ፣ የቅጹን ዓመት ውሰዱ።

ምንጩ ስለየትኛው እንስሳ ነው የሚናገረው?

ይህን ክፍል ከቅርጽ ጋር አታያይዙትም ይሆናል። ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። "ይህ መድኃኒት ለፍየል በዚህ መጠን ይሰጣል" ብላችሁ ጽፋችሁ አጠገቡ ቁጥር 14ን አስቀመጣችሁ እንበል። 14ን ከፈትኩ። ሌላ ጽሑፍ ጠቅሶ ነው የሚናገረው። ያንን ከፈትኩ። እሱም ሌላ ጠቅሷል። ሥሩ ላይ ስደርስ ጥናቱ የተሠራው በበግ ላይ ነው። መንገድ ላይ አንድ ሰው በጉን ፍየል አድርጎታል፤ የቀረው ተከትሎታል። ፍየል ደግሞ ብዙ መድኃኒቶችን ከበግ በተለየ ፍጥነት ነው ከሰውነቱ የሚያስወግደው።

ለውሻ በደህና የሚሰጠው ፐርሜትሪን የተባለው የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት ድመትን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የውሻ ጥናት ጠቅሳችሁ "ለትናንሽ እንስሳት" ብላችሁ አትጻፉ። ምንጩ የሚለውን ብቻ ጻፉ፤ ዝርያውን ስሙን ጠርታችሁ። ሌላ ሰው የጠቀሰውን ደግሞ ዋናውን ከፍታችሁ ሳታነቡ አትጥቀሱ። ዋናው ጨርሶ ከሌለ "በእገሌ እንደተጠቀሰው" ብሎ ያነበባችሁትን መጥቀስ ሐቀኝነት ነው።

የቁጥሩ ቦታም ትርጉም አለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሐሳብ ካለ እያንዳንዱ ሐሳብ ምንጩን አጠገቡ ይያዝ። መጨረሻ ላይ [3–9] ብሎ ሰባት ምንጭ መከመር አንባቢውን ማንገላታት ነው።

ምንጭ ሆነው ወደ ዝርዝሩ የማይገቡም አሉ። የመመርመሪያ ኪቱ ወይም የመድኃኒቱ አምራች ስም፣ ከተማውና አገሩ እዚያው ጽሑፉ ውስጥ በቅንፍ ይገባል። ጂንባንክ በሚባለው የጂን መረጃ ማከማቻ ላይ ያስገባችሁት የጂን ቅደም ተከተል መለያ ቁጥርም ጽሑፉ ውስጥ ነው ቦታው። አንድ ባለሙያ በቃል የነገራችሁን ከጠቀሳችሁ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ስሙንና ጊዜውን በጽሑፉ ውስጥ አድርጉት።

ሠንጠረዥ ውስጥ ብቻ የሚጠቀሱ ምንጮች ቁጥራቸው የሚወሰነው ሠንጠረዡ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፉ ውስጥ በተጠራበት ቦታ ነው። ሠንጠረዡ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ከተቀመጠ ሶፍትዌሩ የመጨረሻ ቁጥር ይሰጣቸዋልና ተጠንቀቁ።

ወጣ ያሉ ምንጮች

የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትን የማይጠቅስ የእንስሳት ሕክምና ጽሑፍ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሲመሠረት በያዘው የፈረንሳይኛ ስም የተነሣ ለረጅም ዘመን ኦአይኢ ሲባል ኖሯል። በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. አጠራሩን ወደ ዎአ ቀይሯል። ታዲያ የ2018ቱን ሰነድ ስትጠቅሱ ሰነዱ ላይ ያለውን ስም ጻፉ፤ የ2023ቱን ስትጠቅሱ አዲሱን። ሁለቱም ካሉባችሁ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ "የቀድሞው ኦአይኢ" በሉና ቀጥሉ። የየብስ እንስሳት ጤና ኮዱ በየዓመቱ ስለሚታደስ ዓመቱንና ምዕራፉን ሁለቱንም ጥቀሱ። የድርጅቱ የምርመራ ማኑዋል ላይ ደግሞ እያንዳንዱ በሽታ የራሱ ምዕራፍ አለው። ሙሉ ማኑዋሉን ጠቅሶ ማለፍ አንባቢውን ጫካ ውስጥ መተው ነው።

መማሪያ መጽሐፍም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱን ምዕራፍ ሌላ ሰው የጻፈው ከሆነ የምዕራፉን ደራሲ፣ የምዕራፉን ርዕስ፣ ከዚያ አርታኢዎቹንና መጽሐፉን፣ እትሙንና ገጹን ጻፉ። እትሙ ከተዘለለ የመድኃኒት መጠኑ ከየትኛው እንደተወሰደ አይታወቅም።

ድረ ገጽ ከሆነ ያያችሁበትን ቀን ጨምሩ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የበሽታ መረጃ የሚያሰባስብበት ዋሂስ ላይ ያለው ቁጥር አገሮች ሪፖርት ባደረጉ ቁጥር ይለወጣል። ቀኑ ከሌለ እናንተ ያያችሁትን ሌላው ሊያየው አይችልም።

ስታቲስቲክሱን በአር ከሠራችሁት፣ ፕሮግራሙ ውስጥ "ሳይቴሽን" የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ጻፉና ባዶ ቅንፍ ጨምሩበት። ማጣቀሻውን ራሱ ይሰጣችኋል። ቅንፉ ውስጥ የፓኬጁን ስም ካስገባችሁ የፓኬጁን ይሰጣል። ፓኬጁን የሠሩት ሰዎችም መጠቀስ ይገባቸዋል።

አራይቭ 2.0ን ወይም ስትሮብ ቬትን የመሰሉ የአዘጋገብ መመሪያዎች በአንድ ጊዜ በበርካታ ጆርናሎች ነው የወጡት። ያነበባችሁትን አንዱን ምረጡ። አለበለዚያ አንዱ መመሪያ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ቦታ ይወጣል።

ያልተገመገመ ቅድመ ኅትመት ከጠቀሳችሁ ደግሞ ቅድመ ኅትመት መሆኑን ጻፉ። ከመላካችሁ በፊትም ጆርናል ላይ ወጥቶ እንደሆነ አጣሩ።

ከመላካችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ስጡት

ዝርዝሩን አትሙና እስክሪብቶ ያዙ። እያንዳንዱን ዲኦአይ ተጫኑ። የተከፈተው ርዕስ ከተጻፈው ርዕስ ጋር አንድ ነው? ምልክት አድርጉና ወደሚቀጥለው እለፉ። በተለይ ቻትቦት ያገዛችሁ ቦታ ካለ ይህን አንዲትም ሳትዘሉ አድርጉት። እውነተኛ የሚመስል ርዕስ፣ እውነተኛ ጆርናል፣ እውነተኛ የሚመስል ቁጥር ይሰጧችኋል፤ ጽሑፉ ግን በዓለም ላይ የለም። ገምጋሚው ይህን ካገኘ የቀረውን ሥራችሁን አያምነውም።

ከዚያ የተሰረዘ ጽሑፍ መኖሩን እዩ። ዞቴሮ የተሰረዙ ጽሑፎችን ከሚመዘግበው ከሪትራክሽን ዎች መረጃ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንዲህ ያለ ምንጭ ካላችሁ በቀይ ያስጠነቅቃችኋል። ማስጠንቀቂያውን ካያችሁ የተሰረዘበትን ምክንያት አንብቡና ምንጩን ቀይሩ። የጠቀሳችሁት ስለ ስረዛው ራሱ ለማውራት ከሆነ ብቻ "የተሰረዘ" ብላችሁ ተዉት።

ስምና ዓመት በሚጠቀም ስልት ከሆነ የሠራችሁት፣ ጽሑፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ዝርዝሩ ላይ፣ ዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ ጽሑፉ ውስጥ መኖሩን አመሳክሩ። የአንድ ደራሲ የአንድ ዓመት ሁለት ሥራ ካለ ከዓመቱ አጠገብ በእንግሊዝኛ ፊደል ይለያሉ።

አብሯችሁ የጻፈ ሰው ካለ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሁላችሁም አንድ ሶፍትዌር ተጠቀሙ። አንዱ በሜንደሌይ፣ ሌላው በዞቴሮ ካስገባ ፋይሉ ሁለት የማይግባቡ ዝርዝሮች ይዞ ይቀራል። በእጁ ቁጥር የሚጨምር ካለም በትህትና ንገሩት፤ ጎን ላይ በኮሜንት ይጻፍ፣ እናንተ ታስገቡለታላችሁ።

ሁሉም ሲያልቅ ፋይሉን ሁለት አድርጉት። አንደኛው ላይ የዞቴሮን ማያያዣ የሚያላቅቀውን ቁልፍ ተጫኑ። ማጣቀሻው ተራ ጽሑፍ ይሆናል፤ ለጆርናሉ የምትልኩት እሱን ነው። ሁለተኛውን ማያያዣው እንዳለ፣ ፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። የገምጋሚዎች አስተያየት ሲመጣ የምትሠሩት በዚህኛው ላይ ነው። ጆርናሉ ሳይቀበለው ቢቀርም ስታይሉን ቀይራችሁ ለሚቀጥለው ጆርናል የምታዘጋጁት ከዚሁ ፋይል ነው።